አሠልጣኝ ሲቀየር ተጫዋች እንዳይበተን

በእንግሊዝ የአካባቢ ራግቢ ክለቦች የውድድር ዘመኑ በሴፕቴምበር ተጀምሮ በጸደይ ያበቃል። አሠልጣኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ያኔ ነው። እሑድ ጠዋት ልጅዎን ወደ ሜዳ ሲያመላልሱ ቆይተው የክለቡ ኮሚቴ ውስጥ ከገቡ፣ ወይም እየተጫወቱ የአምበልነት ኃላፊነት ከተሰጠዎት፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ያለው ሥራ ከእርስዎ ትከሻ አይወርድም።

በእነዚህ ወራት የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ያሉትን ተጫዋቾች ትቶ አዲስ ፍለጋ መሮጥ ነው። በ15 ሰው የሚጫወተው ራግቢ ዩኒየን እስከ 1995 ድረስ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን በደንቡ ይከለክል ነበር። ዛሬም በታችኛው እርከን ያለው ተጫዋች የአባልነት መዋጮ ከኪሱ ከፍሎ የሚጫወት ነው። የሚያስረው ውል የለም። የሚያቆየው ጓደኞቹ፣ የለመደው የልምምድ ምሽትና የሚያምነው አሠልጣኝ ነው። አሠልጣኙ ሲሄድ ከሦስቱ አንዱ ስለሚጎድል፣ የቀሩትን ሁለቱን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

1. ያሉትን በስም ይቁጠሩ

የአሠልጣኝ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ባለፈው ዘመን የተሰለፉትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። ከስማቸው ጎን የሚጫወቱበትን ቦታ፣ ዕድሜያቸውንና ስንት ጨዋታ እንደተሰለፉ ይጻፉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን በስልክ ያነጋግሩና «ይቀጥላል»፣ «አልወሰነም» ወይም «ይሄዳል» ብለው ምልክት ያድርጉ።

በዋትስአፕ ቡድን «ማን ይቀጥላል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሊሄድ ያሰበው ዝም ይላል፣ ዝም ያለው ሁሉ ደግሞ እንደሚቀጥል ይቆጠራል። ሲደውሉም ኮሚቴውን ለመከላከል አይሞክሩ። ምን እንዳስቸገረው ይጠይቁ፣ ይስሙ፣ ይመዝግቡ። ከማን ጋር አንድ መኪና እንደሚጋራም ይጠይቁ፤ አንድ ባለመኪና ሲቀር አብረውት የሚመጡት ሦስት ሰዎችም ሊቀሩ ይችላሉ።

2. የፊት መስመሩን ለብቻ ያስሉ

ስክረም ማለት ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ተቆላልፎ ለኳስ የሚገፋፋበት የጨዋታ ክፍል ነው። ከፊት የሚቆሙት ሦስቱ፣ ማለትም ሁለቱ ፕሮፖችና በመካከላቸው ያለው ሁከር፣ ለቦታው የሠለጠኑ መሆን አለባቸው። ያልሠለጠነ ሰው አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ሊደርስበት ስለሚችል ሕጉ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው።

የዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ ቁጥሩን ወስኗል። ተቀያሪዎችን ጨምሮ 15 ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ያቀረበ ቡድን 3 የፊት መስመር ተጫዋች ያስፈልገዋል። ከ16 እስከ 18 ላቀረበ 4፣ ከ19 እስከ 22 ላቀረበ 5፣ 23 ላቀረበ ደግሞ 6 ነው። የሠለጠነ ሰው ከጠፋ ዳኛው ስክረሙ ያለ መገፋፋት እንዲካሄድ ያዛል፤ ጨዋታውም መልኩን ያጣል። በዚህ ላይ ሊግዎ የሚጥለው ቅጣት ካለ አስቀድመው ደንቡን ያንብቡ።

ሁለት ቡድን በ18 በ18 ሰው የሚያሰልፍ ክለብ እንግዲህ በየቅዳሜው 8 የፊት መስመር ተጫዋቾች ያስፈልጉታል። ጉዳቱ፣ የሥራ ፈረቃውና የሠርጉ ጥሪ ሲታሰብ 12 ቢኖሩ ነው ልብ የሚያርፈው። በዝርዝርዎ ላይ 7 ብቻ ካገኙ፣ ፈጣን የመስመር ተጫዋች መጣልኝ ብለው አይደሰቱ። መጀመሪያ ፕሮፕ ይፈልጉ።

ፕሮፕ በአንድ ሳምንት አይገኝም። ከኋላ ሆነው ስክረሙን ከሚገፉት መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎችን መርጦ፣ ብቁ በሆነ አሠልጣኝ ሥር ከጁን ጀምሮ ማለማመድ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ሰው ግዙፍ ስለሆነ ብቻ ፕሮፕ አይሆንም። 18 ዓመት ያልሞላውን ጎረምሳም ቁጥር ለማሟላት ብለው በአዋቂዎች የፊት መስመር ላይ አያቁሙ።

3. አሠልጣኙን በሥራው ይመዝኑ

ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የሥራውን ዝርዝር በአንድ ገጽ ይጻፉ። በሳምንት ስንት የልምምድ ምሽት አለ? ሁለተኛውን ቡድን የሚመርጠው ማነው? ክፍያ ነው ወይስ የመጓጓዣ ወጪ ብቻ? ተጠሪነቱ ለማን ነው? ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ሳይመለስ ከቀረ በኖቬምበር ጠብ ሆኖ ይመጣል።

በትልቅ ክለብ የተጫወተ ስመ ጥር ሰው «አምስት ተጫዋቾች ይዤ እመጣለሁ» ካለዎት ረጋ ይበሉ። ይዞ ያመጣቸውን ሲሄድም ይዟቸው ሊሄድ ይችላል። በዚያ ላይ ለዓመታት ያገለገሉት ቦታቸው ስለተወሰደ ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ አምስቱ የሚመጡ ከሆነ እንደማንኛውም ሰው ልምምድ ላይ ተገኝተው፣ መዋጯቸውን ከፍለው፣ ቦታቸውን ተወዳድረው እንዲያገኙ ከወዲሁ ይስማሙ።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ጥያቄ እመክራለሁ፦ «ዝናብ የሚጥልበት ሐሙስ ምሽት 11 ሰው ብቻ ቢመጣ ምን ያሠለጥናሉ?» በአካባቢ ክለብ እንዲህ ያለ ምሽት ብርቅ አይደለም። የሚያስበው ስለ ሠላሳ ሰው ብቻ የሆነ አሠልጣኝ ይህን ሲጠየቅ ይደናገጣል። ከዚያ አንድ ምሽት ልምምድ ይምራ፤ ተጫዋቾቹንም አስተያየት ይጠይቁ። ከቀድሞ ክለቡ ሊቀ መንበሩን ብቻ ሳይሆን በእሱ ሥር የተጫወተ አንድ ሰውም ያነጋግሩ። ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር የሚሠራ ከሆነ፣ ዲቢኤስ የሚባለው የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ሥራ አይጀምር።

4. ተሰናባቹን በወጉ ይሸኙ

ተጫዋቾቹ ዜናውን ከክለቡ መስማት አለባቸው፤ ከውጭ ከሰሙት እምነታቸው ይቀንሳል። ተሰናባቹን በስብሰባ ፊት ያመስግኑ። ከዚያም ቁጭ ብሎ ለተተኪው ማስታወሻ እንዲያስረክብ ይጠይቁት።

ከማስታወሻው ሁሉ የሚያሳስበኝ የጉዳት መዝገቡ ነው። በብሪታንያ በ2023 በወጣው መመሪያ መሠረት ጭንቅላቱ ተመትቶ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የደረሰበት ሰው ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ውድድር አይመለስም። ግጭት ወዳለበት ልምምድ ለመመለስም 14 ቀን ሙሉ ከምልክቶቹ ነጻ መሆን አለበት። ነባሩ አሠልጣኝ ይህን በቃል ብቻ ይዞት ከሄደ፣ አዲሱ ሳያውቅ ተጎጂውን ሊያሰልፍ ይችላል። ቀኑ በጽሑፍ ይኑር።

5. ከዚያ በኋላ ይመልምሉ

መጀመሪያ የቅርቡን ይመልከቱ። መጫወት ያቆሙ የቀድሞ አባላት፣ 18 ዓመት የሞላቸው የራስዎ ወጣቶች፣ እሑድ ጠዋት ከሜዳው ዳር ቆመው ልጆቻቸውን የሚያዩ ወላጆች አሉ። ጨርሶ ተጫውቶ የማያውቀውን ሰው የሚያስፈራው ግጭቱ ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ ራግቢ ከ2023 ጀምሮ ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ እንደማይፈቀድ ይንገሩት።

አዲስ ሰው በመጣ ምሽት በሩ ላይ የሚቀበለው አንድ ሰው ይመድቡ። ቁጥሩ የሚስማማ ትርፍ ጫማ ይኑር። በመጀመሪያው ምሽት ሙሉ ግጭት ውስጥ አይክተቱት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይደውሉለት፤ ብዙ ክለቦች ይህን አንድ ስልክ ስለማይደውሉ ያመጡትን ሰው ያጣሉ።

ከጎረቤት ክለብ የሚመጣ ካለ ነገሩ በግልጽ ይሁን። የቀድሞ ክለቡ ኃላፊ ይነገረው፤ ያልተከፈለ መዋጮም ካለ ይከፈል። ምዝገባው ሳይጸድቅ አያሰልፉት። ከሌላ አገር ለመጣ ተጫዋች ደግሞ የመጣበት አገር ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ወገኖቻችንን በቀጥታ የሚነካውን በመጨረሻ ልንገርዎት። በብሪታንያ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በፕሮፌሽናል ስፖርተኛነት ወይም አሠልጣኝነት መሥራት አይፈቀድለትም። በኢሚግሬሽን ደንቡ ትርጓሜ ደግሞ ክፍያ አለመቀበል ብቻውን አያድንም፤ በከፊል ፕሮፌሽናል ደረጃ መጫወትም እንደ ፕሮፌሽናልነት ሊቆጠር ይችላል። ለግል ደስታው በአማተር ደረጃ የሚጫወት ተማሪ ችግር የለበትም። ነገር ግን ክለቡ ለጨዋታ ወይም ለማሠልጠን ገንዘብ ልስጥህ ካለው፣ እሺ ከማለቱ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ይጠይቅ። ኮሚቴውም ይህን ሳያጣራ ክፍያ አያቅርብለት።