ተጠባባቂ ሯጮች በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ፣ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ሰበታ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ስማቸው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከፋብሪካና ከቤት ሥራ ጋር ነው፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናጠና ያሰብነው በማለዳ በሜዳቸውና በአስፋልታቸው ላይ ስለሚሮጡት ወጣቶች ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ወጣት ሯጭ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ባለው ዘመን በምን ይኖራል? ስሙ ሳይጠራ ቢቀርስ ምን ይሆናል?

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክሲጅን የሚያመላልሱትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል፤ ይህም በረጅም ርቀት ሩጫ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚሁ ነው። ሰበታ ከሱሉልታ ዝቅ ያለች በመሆኗ በአስፋልቷ ላይ ረጅሙንና ፈጣኑን ልምምድ ለመሥራት ታመቻለች። ቡራዩም ደጋ ናት፤ ለዋና ከተማውም ቅርብ ናት። እንግዲህ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከትግራይ የሚመጣው ወጣት ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ የሚሳበው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመውጫው ደረጃ ነው። ወጣቱ በትምህርት ቤትና በወረዳ ውድድር ይታያል፤ ከዚያ የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤቶች ወይም የባንክ ክለብ ካገኘው ደመወዝ ይቆረጥለታል። በጃን ሜዳ አገር አቋራጭና በብሔራዊ ሻምፒዮና ጥሩ ውጤት ካሳየ ማናጀር ያገኛል፤ ማናጀሩም ከሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 እጅ ይወስዳል። በውጭ አገር መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ብዙ ጊዜ አሯሯጭነት ነው፤ ይኸውም ለሌላው ፍጥነት ጠብቆ ሮጦ፣ ከግማሽ መንገድ ጥቂት አልፎ ከውድድሩ መውጣት ነው። ክለብ ያላገኘው ግን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ በሚላክለት ገንዘብ ጫማና ምግብ እየገዛ ተራውን ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ተሰጥኦ የሚበስልበት ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1985 ዓ.ም. በሴኡል የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በነሐሴ፣ በሽቱትጋርት የአዋቂዎቹ የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። ሰለሞን ባረጋ ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የወጣቶች ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ እስኪያገኝ ድረስ 5 ዓመት ቆይቷል። ሐጎስ ገብረ ሕይወት በ2004 ዓ.ም. በፓሪስ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ47.53 ሴኮንድ ሮጦ በወቅቱ የወጣቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ከሁሉ የፈጠነበትን 12 ደቂቃ ከ36.73 ሴኮንድ የሮጠው በግንቦት 2016 ዓ.ም. በኦስሎ፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የሦስቱም ጅማሬ ብሩህ ነበር፤ የጥበቃቸው ርዝመት ግን ምን ያህል እንደሚለያይ አንባቢ ያስተውል።

አራተኛ፣ በሩ ጠባብ ነው። በኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ለአንድ አገር የሚፈቀደው 3 ሰው ብቻ ነው። ለተሰንበት ግደይ በሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የሴቶችን የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በሆላንድ በሄንጌሎ በተደረገው የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ ነበር። ማጣሪያው ይህን ከመሰለ፣ አራተኛና አምስተኛ የሚወጣው ሰው በሌላ አገር ቢወለድ ኖሮ ባንዲራ ተሸካሚ ይሆን ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ተጠባባቂ ሁሉ ግን ደካማ አይደለም። አበበ ቢቂላ ወደ ሮም ቡድን የገባው መሮጥ ባልቻለው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ታምራት ቶላም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሲሆን፣ ለፓሪስ ኦሊምፒክ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ።

ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የምንማረው ትዕግሥትን ብቻ አይደለም። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሮም ባይሄድ ኖሮ ዝናው ይቀር ነበር እንጂ እንጀራው አይቋረጥም ነበር። ታምራትም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኒውዮርክን ማራቶን ያሸነፈ ሰው ነበር። ሁለቱም ለመጠበቅ አቅም ነበራቸው ማለት ነው። የእኛም ሐሳብ እዚህ ላይ ነው፦ ከተሰጥኦ ቀጥሎ ሯጭን የሚለየው ሳይራብ መጠበቅ መቻሉ ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ወጣት ኳስ ወርዋሪ ከ30ዎቹ ታላላቅ ክለቦች በአንዱ ከተቀጠረ በኋላ በታችኛው ሊግ ደረጃ በደረጃ ለዓመታት ይጠባበቃል፤ ብዙዎቹም ላይኛው ሊግ ሳይደርሱ ክንዳቸው ይጎዳል። ስፖርቱ እጅግ ሀብታም ሆኖ ሳለ ክለቦቹ ለታችኞቹ ተጫዋቾች መኖሪያ ማዘጋጀት የጀመሩት በ2014 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ያገኙትም በማኅበር ተደራጅተው በመደራደር በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው።

የሚጠብቅበት ስንቅ የሌለው ሰው ይቸኩላል። ቸኩሎ ከ10ኛ ክፍል ትምህርቱን ያቆማል፤ ቸኩሎ አጥንቱ ሳይጠና ማራቶን ይሮጣል፤ ቸኩሎ ያላነበበውን የእንግሊዝኛ ውል ይፈርማል፤ አንዳንዱም ወደ ተከለከለ መድኃኒት ያመራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ኋላ ቢለቅም እንኳ ዕድሜው አይመለስለትም። እኛ ተማሪዎች አንድ ፈተና ብንወድቅ ደግመን እንቀመጣለን፤ እኩያችን የሆነችው የሱሉልታ ልጅ ግን በ20 ዓመቷ ጉልበቷ ቢጎዳ በእጇ የቀረ የምስክር ወረቀት የላትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይታሰብ እንላለን። አንደኛ፣ ክለቦች ለወጣት ሯጭ ደመወዝ ሲቆርጡ የማታ ትምህርቱን የውሉ አካል ያድርጉት። ሁለተኛ፣ ማናንኛውም ውል ሯጩ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ተተርጉሞ ሳይነበብለት አይፈረም። ሦስተኛው የእኛው የተማሪዎች ድርሻ ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ውል በማንበብ፣ ሌሎቻችንም ቅዳሜና እሑድ በማስጠናት ልንረዳ እንችላለን። ሱሉልታም ሆነ ሰበታ በአውቶቡስ የማይደረስበት ሩቅ አገር አይደለም።

ሜዳልያ ሲመጣ አደባባይ ወጥተን መጨፈር ሁላችንም እናውቅበታለን። አንድ አሸናፊ እንዲወጣ ግን መቶዎች አብረውት መሮጥ አለባቸው፤ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ፍጥነቱን ከማን ጋር ይለካል? ስማቸው የማይጠራው እነዚያ መቶዎች የድሉ ባለ ድርሻ ከሆኑ፣ በድል ቀን ብቻ ሳይሆን በጥበቃቸው ዘመንም ልናስባቸው ይገባል።