አስቸጋሪዎቹን አልጋዎች አስቀድሚ

ቆይ ሚጡዬ፣ «ክፈል» የሚለውን ሳትጫኚ እስኪ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪልኝ። ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ የሚባለውን የእንግሊዝ የባሕር ዳር የእግር መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ መነሳትሽ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ይሄ ያዘጋጀሽው ሠንጠረዥ ግን ያሳስበኛል። 1,014 ኪሎ ሜትሩን በቀን 20 እያልሽ ለ51 ቀን ከፋፍለሽ፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ከማይንሄድ ተነስተሽ፣ በየ20 ኪሎ ሜትሩ አንድ አልጋ ፈልገሻል። ይሄ መንገድ እንዲህ አይከፋፈልም።

ከሱመርሴት ተነስቶ ዴቨንንና ኮርንዎልን ዞሮ ዶርሴት ውስጥ ፑል ወደብ አፍ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ዳገት ሲደመር 35,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ራስ ዳሸንን ከባሕር ጠለል ጀምሮ ከሰባት ጊዜ በላይ እንደ መውጣት ነው። መንገዱን የረገጡት የጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው፤ ኮንትሮባንዲስት እንዳያመልጣቸው እያንዳንዱን የባሕር ሰርጥ ቁልቁል ማየት ነበረባቸው። ስለዚህ አቋራጭ አያውቅም፤ ገደሉ በታጠፈበት ሁሉ ይታጠፋል፣ ወንዝ ባለበት ሁሉ ወርዶ መልሶ ይወጣል። አንዱ ጋ እስከ ምሳ የምትጨርሽው 20 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ጋ ፀሐይ እስክትጠልቅ አያልቅልሽም።

እኔ ብሆን ከማይንሄድ ጀምሬ በተራ አልይዝም። አልጋ የሚጠፋባቸውንና ቀን የሚቆረጥባቸውን ቦታዎች አስቀድሜ እይዛለሁ፤ የቀረው በእነሱ ዙሪያ ይስተካከላል።

ለምሳሌ ከሃርትላንድ ኪ እስከ ቢውድ ያለውን እይው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው ይላል። ሸለቆ ወርደሽ ትወጫለሽ፣ እፎይ ሳትዪ ሌላ ሸለቆ ይቀበልሻል። ሃርትላንድ ኪ ራሱ የድሮ ወደብ ነው፤ ዛሬ ከአንድ ሆቴል በቀር እምብዛም ምንም የለበትም። ያ ሆቴል ከሞላ የምታድሪው ከባሕሩ ርቀሽ ነው፤ ይሄ ደግሞ በማግስቱ ጉዞሽ ላይ ኪሎ ሜትር ይጨምርብሻል። ግማሽ መንገድ ላይ ሞርዌንስቶ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ አልጋ ካገኘሽ ቀኑን ለሁለት ክፈይው። ሁለት ቀን አጭር ሄደሽ ጉልበትሽ ሰላም ቢያድር ይሻልሻል። ኮርንዎል ገና ከፊትሽ ነው።

ከሴንት አይቭስ ወደ ምዕራብ ያለውም እንደዚያው ነው፤ ድንጋዩ ያዘገይሻል፣ መሀል ላይ ያለችው ዜኖር ደግሞ መኝታዋ ጥቂት ነው። ሴንት አይቭስ ራሷ የቤት ችግር ያለባት ከተማ ናት። በ2016 ነዋሪዎቿ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሆን በድምፅ ወስነዋል። ከዚያ በፊት ከተሠራው ግን ብዙ ቤት ለእረፍተኛ የሚከራይ ነው፤ የሚከራየውም ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። በቤት ተከበሽ አንድ ሌሊት የሚያሳድርሽ ልታጪ ትችያለሽ። መፍትሔው ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት እዚያው ይዘሽ በአውቶቡስ መመላለስ ነው። ጠዋት ካቆምሽበት ትጀምሪያለሽ፣ ማታ ወደዚያው አልጋ ትመለሻለሽ። በሰመር የባሕር ዳሩን የሚከተል አውቶቡስ አለ። ይሄ ዘዴ «ከሁለት ሌሊት በታች አናከራይም» ከሚሉት ያድንሻል፣ ከባዱን ሻንጣም ክፍል ትተሽው ትሄጃለሽ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ወንዞቹን ሠንጠረዥሽ ውስጥ ጭራሽ አላየኋቸውም። ከፕሊመዝ እስከ ሳልኮም ባለው መሀል ያልም፣ ኧርምና ኤቨን የሚባሉ ሦስት ወንዞች ባሕር ይገባሉ፣ ድልድይ ግን አፋቸው ላይ የለም። ያልምንና ኤቨንን በትንሽ ጀልባ ትሻገሪያለሽ፤ ጀልባዎቹ የሚሠሩት በዓመቱ የተወሰኑ ወራት፣ በቀኑም የተወሰኑ ሰዓታት ነው። ኧርም ላይ ጀልባም የለም፤ ሞዝኮም ላይ ጫማሽን አውልቀሽ በእግርሽ ነው የምትሻገሪው፣ ያውም ባሕሩ ጨርሶ ከሚጎድልበት ሰዓት በፊትና በኋላ ባለው አንድ አንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ። ከዚያ ውጪ አትሞክሪው፤ እለምንሻለሁ። ዝናብ ሲዘንብና ነፋስ ሲበረታ በዚያ ሰዓትም ቢሆን ይቅር፤ ታክሲ ጠርተሽ በመኪና መንገድ ዙሪው።

የባሕሩ መጉደያ ሰዓት በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይገፋል፤ ሠንጠረዡ ግን ለዓመቱ አስቀድሞ ስለሚወጣ ዛሬውኑ ማየት ትችያለሽ። ኧርም የምትደርሽበት ቀን ባሕሩ የሚጎድለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ከወንዙ ወዲህ በጣም ቅርብ ማደር አለብሽ። ከቀትር በኋላ ከሆነ ደግሞ ከያልም ወዲያ፣ ኖስ ማዮ አካባቢ አድረሽ ተረጋግተሽ ትደርሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ባንተም የምትባለው መንደር ላይ የኤቨን ጀልባ ሰዓት አለ፤ እሱ ካመለጠሽ ማዶ ያለው የከፈልሽበት አልጋ ባዶውን ያድራል። ስለዚህ ለእነዚህ ሦስት ወንዞች መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፊ፣ ቀጥለሽ አልጋውን ያዢ።

መጨረሻው ላይ ሉልዎርዝ አለ። ከሉልዎርዝ ኮቭ እስከ ኪመሪጅ ያለው የባሕር ዳር የእንግሊዝ ጦር የተኩስ መለማመጃ ነው። በመሀሉ ታይነም የምትባል መንደር አለች፤ በ1943 ዲሴምበር ነዋሪዎቿ ለጦሩ ሲባል ወጥተው አልተመለሱም። መንገዱ ለሕዝብ የሚከፈተው በአብዛኞቹ ቅዳሜና እሁዶች ነው፤ ኦገስት ላይ በአዘቦት ቀንም ይከፈታል። በአንቺ ስሌት ኦገስት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስለምትደርሽ ጥሩ ነው። ግን አንድም የእረፍት ቀን አልያዝሽም እኮ! በሳምንት አንድ ቀን ካረፍሽ፣ ማረፍም አለብሽ፣ ሉልዎርዝ የምትደርሽው ሴፕቴምበር ሊገባ ሲል ነው። ማዕበል ጥቂት ቀን ቢያስቀምጥሽ ደግሞ ሴፕቴምበር ይገባና በሩ በአዘቦት ቀን ተዘግቶ ይጠብቅሻል። ስለዚህ አነሳስሽን በሳምንት ወደ ጁን ሳቢው። የሚከፈትባቸውን ቀኖች መከላከያ ሚኒስቴር ያወጣል፤ እሱን ሳታዪ ለሉልዎርዝ ቀብድ አትክፈዪ።

ስለ ማደሪያው ዓይነት ብዙ አላስጨንቅሽም። አልጋና ቁርስ የሚሰጠው ቢ ኤንድ ቢ ምቹ ነው፣ ብቻሽን ስለሆንሽ ግን ለአንድ ሰው ብለው ብዙም አይቀንሱልሽም፤ በኦገስት ለአንድ ሌሊት ከ100 ፓውንድ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ድንኳን ዋጋው ይቀላል፣ ክብደቱ በጀርባሽ ነው። ደግሞ ደስ ባለሽ ገደል ላይ መትከል አይቻልም፤ እንግሊዝ ውስጥ የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። የስኮትላንድ ሕግ ሌላ ነው፣ ዳርትሙር ላይ ያለው ሳይጠይቁ የመትከል መብትም ከባሕሩ ራቅ ብሎ ነው። ለድንኳን የተዘጋጁት ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው፤ በእግሩ ለመጣ አንድ ሰው ብዙዎቹ ጥግ አያጡም።

እኔ የምወድልሽ የዋይ ኤች ኤ ሆስቴሎችን ነው። ድርጅቱ ከ1930 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስሙ የወጣት ሆስቴል ቢልም ወጣት መሆን አይጠየቅም። ቲንታጀል ላይ ያለው ገደል አፋፍ ላይ የቆመ የድሮ ድንጋይ ካባ ሕንፃ ነው፤ ሊዛርድ ላይ ያለው ከመርከብ መብራት ማማው አጠገብ ነው። አንዳንዱ በሆነ ወቅት ለቡድን ብቻ ስለሚከራይ ወይም ስለሚዘጋ፣ ስትይዢ የዘንድሮውን አረጋግጪ። ተደራራቢ አልጋ ላይ ከማታውቂው ሰው ጋር መተኛት ይከብደኛል ካልሽ የግል ክፍል ያላቸው አሉ። የሚያስመርጠኝ ግን ሌላ ነው፤ የራስሽን የምታበስይበት ወጥ ቤትና የራሰ ጫማ የምታደርቂበት ክፍል ብዙዎቹ ላይ ታገኛለሽ።

ወጥ ቤቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፍልሰታ በፈረንጅ ኦገስት 7 ይገባል፤ አንቺ ያኔ ፕሊመዝን አልፈሽ ወንዞቹ ላይ ነሽ። የቢ ኤንድ ቢ ቁርስ ደግሞ እንቁላል፣ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ነው። አልጋውን ስትይዢ «ቪጋን ነኝ» ብለሽ ጻፊላቸው፤ ቀድመው ካወቁ ባቄላ፣ እንጉዳይና ቲማቲም ያዘጋጁልሻል፣ ጠዋት ብትነግሪያቸው ግን ዳቦ ብቻ ነው። የጾሙን ሰዓት አስመልክቶ ለንስሐ አባትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ በዚያ ዳገት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን መሄድሽን እኔ አልወድም፣ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። በሶና የሽሮ ዱቄት ያዢ፤ ሽሮውን ሆስቴል ታበስያለሽ፣ በሶው ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። አልጋ ስትመርጪም ራት የት እንደምትበዪ አብረሽ እይ። ቢ ኤንድ ቢ አብዛኛውን ጊዜ ራት የለውም፣ የመንደር ፐብ ወጥ ቤቱን ቶሎ ይዘጋል።

በይ አሁን ይሄን ሠንጠረዥ ዝጊና አዲስ ገጽ ክፈቺ። በየሌሊቱ የምታድሪበትን ስምና ስልክ ጽፈሽ አንዱን ቅጂ ለእኔ ላኪልኝ። በየሰርጡ ኔትወርክ ይጠፋል፤ መልእክትሽ ቢዘገይ አልደነግጥም። አልጋ ስትቀይሪ ግን ለቀድሞው ቤት ደውለሽ «አልመጣም» በያቸው፤ ሰው አልደረሰም ብለው ፍለጋ ሊያስጀምሩ ይችላሉ። አንቺ ራስሽ አደጋ ላይ ከወደቅሽ የምትደውዪው 999 ነው፤ የምትጠይቂው ፖሊስ ሳይሆን ኮስትጋርድ ነው። ነይ፣ ከሃርትላንድ ኪ እንጀምር፤ ሆቴሉ ጋ እኔ እደውላለሁ።