ትምህርት፦ አዲስ ክላም በቤት የኮራል ገንዳ ውስጥ እንዲላመድ እንዴት እንረዳዋለን?

በዚህ ዓምድ ስለ ወጥ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ሕፃናት አያያዝና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ስንማማር ቆይተናል። የዛሬው ትምህርታችን ለየት ያለ ነው። አንዳንዶቻችሁ በምትሠሩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ዓሣና ኮራል ያለበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። አሠሪዎቹ ሲወጡም ገንዳው ለእናንተ አደራ ይሰጣል።

አንዲት እኅታችን ያጋጠማት እንዲህ ነው። አሠሪዎቿ አንድ ክላም ገዝተው ገንዳው ውስጥ ባስገቡ በማግሥቱ ለጉዞ ሄዱ። ጠዋት ስታየው ወደ ጎን አዘንብሏል። የወደቀ መስሏት፣ ልታቃናው ብላ ከድንጋዩ ላይ ሳበችው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ቤተሰቡ ሲመለስ ዋጋው ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ተነገራት። እኅታችን ልትረዳው ነበር እንጂ ክፋት አልነበራትም፤ ክላም ከያዘው ድንጋይ ላይ እንደማይጎተት ማንም አልነገራትም። እኛም ታሪኳን ስትነግረን የምንመልስላት አልነበረንምና፣ ጠይቀንና አንብበን ይህን ትምህርት አዘጋጀን።

1. ክላም ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ክላም በሁለት ጠንካራ ቅርፊት መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ማዳም «ማሃር» ስትል ትሰሙ ይሆናል። በቤት ገንዳ የሚቀመጡት ትሪዳክና ከሚባለው ወገን ናቸው። ከእነዚህም ማክሲማና ስኳሞሳ የተባሉት በአገራችን አጠገብ ባለው በቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራሉ። ጊጋስ የሚባለው ትልቁ ዓይነት ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝምና ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል።

ቅርፊቱ ሲከፈት የሚታየው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሥጋ ልባሱ ነው። በልባሱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ክላሙም ከዚያ ይካፈላል። ስለዚህ ልባሱ ሁልጊዜ ወደ ብርሃኑ መዞር አለበት። ከታች በኩል ደግሞ ቀጫጭን ክሮች አውጥቶ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። እነዚህ ክሮች የሚወጡበት አካል ከተቀደደ ክላሙ ሊሞት ይችላል። የእኅታችን ክላም የሞተው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ክላም ከመጠን በላይ ስለተለቀመ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የዚህ ወገን ዓለም አቀፍ ንግድ በሙሉ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ዋጋው ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

2. ከመምጣቱ በፊት

ክላም ለአዲስ ገንዳ አይሆንም፤ ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር ያህል የቆየና የተረጋጋ ቢሆን ይመረጣል። የውኃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ በጨው መለኪያው ላይ የሚነበበው ደግሞ 1.025 ወይም 1.026 ቢሆን ጥሩ ነው። አሞኒያ ዜሮ መሆን አለበት። ቅርፊቱን የሚሠራበት ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ይሁን። ይህን መለካት የአሠሪው ሥራ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩን ማወቃችሁ አይጎዳችሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፦ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ክላምን ይገድላል። ዓሣ ታሞ መድኃኒት ጨምሪ ብትባሉ፣ «ለክላሙ ይስማማዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. የመጣ ዕለት

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሁሉ በዝግታ ነው።

ሀ. የገንዳውን መብራት ቀንሱ ወይም አጥፉ። ከረጢቱን ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ውኃ ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል።

ለ. ክላሙን ከነውኃው በንጹሕ ዕቃ አድርጉት። ከዚያ ሐኪም ቤት ጉሉኮስ እንደሚንጠባጠብ፣ በቀጭን ቱቦ ከገንዳው ውኃ ጠብታ በጠብታ ጨምሩበት። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ጨው በአንድ ጊዜ ሲለወጥበት ይጎዳልና አትቸኩሉ።

ሐ. ቅርፊቱን አገላብጣችሁ እዩ። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ወይም ከዚያም ያነሱ ነጫጭ ቀንድ አውጣዎች ከተገኙ ደሙን የሚመጡ ጥገኞች ናቸው። የጥርስ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ለስላሳ ብሩሽ ቅርፊቱን ብቻ ጥረጉ፤ ክሮቹ የሚወጡበትን ቀዳዳ አትንኩ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሌሊት ስለሆነ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ተመልከቱ።

መ. ክላሙን ወደ ገንዳው ስታስገቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፤ ውስጡ የቀረ አየር ይውጣ። የመጣበትን ውኃ ወደ ገንዳው አትገልብጡ።

4. የት ይቀመጥ?

ማክሲማ በመጨረሻ ብርቱ ብርሃን ይፈልጋል። ሆኖም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመብራቱ ሥር አይቀመጥም። በገንዳው ታች፣ ጠፍጣፋ ትንሽ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይደረጋል። ትንሽ ድንጋይ የመረጥንበት ምክንያት ክላሙ ከተጣበቀ በኋላ ከነድንጋዩ ለማንሣት እንዲመች ነው። የፓምፑ ውኃ በቀጥታ አይምታው፤ ልባሱ በዝግታ ቢወዛወዝ በቂ ነው። አጠገቡም የሚናደፍ ኮራል አይኑር።

እኛም ወደዚህ አገር በመጣንበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ መብራቱ፣ ቋንቋውና ምግቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣብን ምን እንደተሰማን አንረሳውም። ክላሙም ጊዜ ይፈልጋል።

5. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንመልከት?

ጤነኛ ክላም ልባሱን ዘርግቶ ከቅርፊቱ ጠርዝ ውጭ ያወጣዋል፤ እጃችሁ ጥላ ሲጥልበትም ቶሎ ይሰበሰባል። ለመክፈት ጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ይወስድበታል። ስለዘገየ አትነካኩት። ጎኑን አዘንብሎ ካገኛችሁትና ገና ካልተጣበቀ በቀስታ አቃኑት። ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት፤ ለአሠሪው ንገሩ።

ልባሱ ተሸብሽቦ ከቀረ፣ የውኃ መሳቢያው ቀዳዳ ከልክ በላይ ከተበረገደ፣ ወይም ጥላ ሲያርፍበት ካልተሰበሰበ ታሟል ማለት ነው። ዓሣ ልባሱን ሲነክስ ካያችሁም ተናገሩ። ሲነካ ጭራሽ የማይዘጋና የሚሸት ከሆነ ሞቷል። በድኑ ውኃውን አበላሽቶ ሌሎቹንም ስለሚገድል፣ ሳይውል ሳያድር ነግራችሁ ይውጣ።

6. ከቤት ሥራችን የሚመጣ አደጋ

በረኪና፣ ፍሊትና የመስታወት ማጽጃ በገንዳው አጠገብ አትርጩ። እጃችሁን ስታስገቡ ሳሙናና ቅባት አይኑርበት።

ውኃው ተንኖ ሲቀንስ ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የሚጨመረው አሠሪው ያዘጋጀው የተጣራ ጨው አልባ ውኃ ነው እንጂ የቧንቧ ወይም የጨው ውኃ አይደለም። ከባሕር ዳር መቅዳትም አይሆንም፤ የባሕረ ሰላጤው ውኃ ከመደበኛው ውቅያኖስ ይበልጥ ጨዋማ ነው።

ቤተሰቡ በበጋ ሲጓዝ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ከሆነ ገንዳው ይሞቃል። ከ28 ዲግሪ ካለፈ ወዲያውኑ ደውላችሁ ንገሩ።

ከክላሙ በፊት ግን የእናንተ ሕይወት ይቀድማል። እርጥብ እጅ ሶኬት አይነካም፤ ገመዱም ውኃ ወደ ሶኬቱ እንዳይመራ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። እጃችሁ ቁስል ካለበት ያለ ጓንት አታስገቡ። ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ መሳይ ኮራሎች አንዳንዶቹ ብርቱ መርዝ አላቸው። የተጣበቁበትን ድንጋይ በፈላ ውኃ ማጠብ ወይም መፋቅ እንፋሎቱንና ፍንጣቂውን ያስተነፍሳል፤ ሰው ሆስፒታል የገባበት ጊዜም አለ። እንዲህ አድርጊ ብትባሉ አደገኛ መሆኑን በትሕትና አስረዱ።

7. አደራውን ስንቀበል

አሠሪዎቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ልሥራ? ምን አልንካ? ችግር ካየሁ ለማን ልደውል? በየቀኑ ሙቀቱን በደብተር ጻፉ፤ ክላሙንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ለውጥ ስታዩ በዚያው ቀን ላኩላቸው። መፍራትና መደበቅ ነገሩን ያከብደዋል፤ በጊዜ የተነገረ ችግር ግን ክላሙንም እናንተንም ሊያድን ይችላል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቢሞትና ደመወዝ ይቆረጣል ብትባሉ፣ ያልተረዳችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ውላችሁንና ደብተራችሁን ይዛችሁ ቆንስላችንን ጠይቁ።

የክለሳ ጥያቄዎች

1ኛ. ድንጋይ ላይ የተጣበቀን ክላም መጎተት የማይገባው ለምንድን ነው?
2ኛ. በትነት የቀነሰውን ውኃ የምንተካው በምን ዓይነት ውኃ ነው? ለምን?
3ኛ. ክላም መታመሙን የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶችን ጥቀሱ።
4ኛ. አሠሪዎቻችሁ ነገ ቢጓዙ ዛሬ የምትጠይቋቸው ሦስት ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

መልሱን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ዓሣና ኮራል ባለበት ቤት ለምትሠራ እኅትም ይህን ጽሑፍ አቀብሏት።