የጠወለገ ድንች ናሙና አስተሻሸግና አላላክ

መግቢያ

ድንች ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ቢጠወልግ ምክንያቱ የውሃ እጥረት፣ የሥር ጉዳት ወይም የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚያስከትሉት ውሳኔ ግን የተራራቀ ነው። ጉዳቱ ከውሃ እጥረት ብቻ የመጣ ከሆነ ምርቱ ለዘር ሊውል ይችላል። አጠውልግ ከሆነ ግን የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፤ ዘሩ ለማኅበሩ አባላት ከተከፋፈለ በሽታውም አብሮ ይከፋፈላል። ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ናሙናው መንገድ ላይ ከበሰበሰ ግን ሌሎች ተዋስያን ስለሚወርሩት ዋናውን መለየት ያስቸግራል።

ሀ. ከማሳ አወሳሰድ

1. ናሙና በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይወሰድ።

2. ጨርሶ የደረቀ ተክል አይጠቅምም። መጠውለግ የጀመሩ ከ3 እስከ 5 ተክሎች ተመርጠው፣ ከየግንዱ ግርጌ 15 ሴ.ሜ. ያህል ይቆረጥ፤ ድንች ከያዙም ይጨመር።

3. ከግንዱ አጭር ቁራጭ ተወስዶ፣ ጫፉ ብቻ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳይነቃነቅ ይያዝ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግን ያመለክታል። ክሩ ባይታይም ናሙናው ይላክ።

4. ቢላዋው ከተክል ወደ ተክል ሲዛወር በበረኪና ይጽዳ። ከማሳው ሲወጡም ጫማና እጅ ይታጠቡ፤ በሽታው ከአፈር ጋር ይጓዛልና።

ለ. አስተሻሸግ

1. አፈሩ ይራገፍ እንጂ ናሙናው አይታጠብ፤ እርጥበት መበስበስን ያፋጥናል።

2. ግንዱና ድንቹ ለየብቻ በደረቅ ጋዜጣ ተጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ይግቡ፤ ከረጢቱም በሁለተኛ ከረጢት ይሸፈን።

3. ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የድንቹ ዝርያ፣ የዘሩ ምንጭ፣ የታየው ምልክትና የላኪው ስልክ በእርሳስ ተጽፈው በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ይቀመጡ። የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይለቃል።

ሐ. ማቀዝቀዝና መላክ

ናሙናው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቆይ። መቀዝቀዝ ማለት ግን በረዶ መሆን ማለት አይደለም። በረዶ የሆነ ድንች ሲቀልጥ ውሃውን ለቆ ይበሰብሳል። ስለዚህ የታሸገው በረዶ በጋዜጣ ወይም በካርቶን ተጠቅልሎ በሳጥኑ ዳርና ዳር ይደረግ፤ ናሙናው መካከል ላይ ይቀመጥ፤ ባዶው ቦታ በተጨማደደ ወረቀት ይሞላ። ማደር ካለበት በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ እንጂ በበረዶ መሥሪያው አይደር። ለክትባት የሚያገለግል ሳጥን ለዚህ ሥራ አይዋል።

በረዶ ከታጣ ናሙናው በጋዜጣ እንደተጠቀለለ በጥላ ቆይቶ በዕለቱ ይላክ። በቆመ መኪና ውስጥ ግን ለአጭር ጊዜም ቢሆን አይተው።

ሳጥኑ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲነሣ እንመክራለን። ዓርብ የተላከ ናሙና ቅዳሜና እሑድን ያለ ተቀባይ ያሳልፋል። ለምሳሌ ከሻሸመኔ ወደ ሆለታ ወይም ወደ አምቦ የሚሄድ ሳጥን አዲስ አበባ ላይ መኪና ይለውጣል፤ የሚያሳልፈው ሰው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ መናኸሪያ ያድራል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ናሙናውን መቀበሉ በስልክ ሳይረጋገጥ ሳጥኑ አይነሣ።

ማሳሰቢያ

ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ ማኅበሩ ከዚያ ማሳ የተነሣውን ድንች ለብቻው ያስቀምጥ፤ ለዘርም አያከፋፍል።