የመኪና ፍጥነትና የፍጥነት መለኪያ ካሜራ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዲላን ሰንጥቆ ያልፋል። ከወርቃና ከይርጋ ጨፌ ቡና የጫነ መኪና፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ገበያተኛና ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ተማሪ በዚሁ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ለሩቅ ተጓዡ ይህ መንገድ መተላለፊያ ነው፤ ለነዋሪው ግን ደጁ ነው። በከተማ ውስጥ የፍጥነት ወሰን የሚደነገገውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመሆኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚነዳና 50 በሚነዳ አሽከርካሪ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? ብዙዎች ጥቂት ይመስላቸዋል። እስቲ እናስላው።

አንድ ልጅ ከመኪናው 14 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ወደ አስፋልቱ ገባ እንበል። ንቁ አሽከርካሪ እንኳ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በዚህች ሰከንድ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይገሰግሳል። ከዚያ በኋላ የሚጓዘው ርቀት ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለዝግመቱ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በደረቅ አስፋልት ዝግመቱን 7 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብንወስድ፣ በ30 የሚነዳው 8.3 ሜትር ሳይዝ፣ 5 ሜትር ይዞ ተጉዞ 13.3 ሜትር ላይ ይቆማል። ልጁ ተረፈ። በ50 የሚነዳው ግን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ 13.9 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ ልጁን የሚገጨው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ነው።

በጌዴኦ ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚጥል ሰበቃው የሚቀንስበትንም ሁኔታ ማየት ይገባል። ዝግመቱ ወደ 4 ቢወርድ በ30 የሚነዳውም ልጁን ይነካዋል፤ ፍጥነቱ ግን በዚያን ጊዜ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። በ50 የሚነዳው ለመቆም 38 ሜትር ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል።

ወሰኑን ማወጅ አንድ ነገር ነው፤ መለካት ሌላ። የአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊሶች ሲጠቀሙበት የቆዩት በእጅ የሚያዝ ራዳር የሚሠራው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ባቀረበው ሐሳብ ነው። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ጩኸቱ የሚቀጥነው፣ አልፎን ሲሄድ የሚወፍረው በዚሁ ሕግ ነው። በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚቀርብ መኪና ተንጸባርቆ ሲመለስ ድግግሞሹ በ2,200 ያህል ይጨምራል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ይህንን ጭማሪ ነው። “ራዳሩ አበዛብኝ” የሚል አሽከርካሪ ቢኖር፣ ከጎን የሚለካ ራዳር የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑን ይወቅ። አንግሉ 30 ዲግሪ ከሆነ 60 የሚነዳው 52 ሆኖ ይነበባል።

የፍጥነት ካሜራ ታሪክ ፈገግ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 የመለኪያ ኩባንያ ያቋቋመው ኔዘርላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር፤ መሣሪያውን የፈለገው ኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለማሻሻል ነው!

አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ካሜራ ግን ድክመት አለው። አሽከርካሪው ካሜራው ዘንድ ሲደርስ ይቀንሳል፤ እንዳለፈ ይፈተለካል። ለእንደ ዲላ ላለ በአውራ ጎዳና ላይ ለተዘረጋ ከተማ የተሻለው፣ በመግቢያና በመውጫ ሰሌዳ እያነበበ አማካይ ፍጥነትን የሚያሰላው ዓይነት ይመስለናል። 1 ኪሎ ሜትር በ30 ለመጓዝ 120 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በ72 ሰከንድ የደረሰ 50 ነድቷል ማለት ነው። ሰሌዳው በጭቃ ከተሸፈነ ግን ካሜራው አያነብም፤ የአስፋልት ጉብታ ይህ ችግር የለበትም።

ይህንኑ ዘዴ ተማሪዎች ያለ ካሜራ ሊሞክሩት ይችላሉ። ከእግረኛ መንገድ ሳይወርዱ 100 ሜትር ለክተው ሁለት ምልክት ይምረጡና በሰዓት መቁጠሪያ ይያዙ። 12 ሰከንድ የፈጀ መኪና 30፣ 7.2 ሰከንድ የፈጀ 50 ነው። በግማሽ ሰከንድ ቢሳሳቱ ሁለተኛው ከ47 እስከ 54 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ብዙ መኪኖችን መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ይበጃል።