አሮጌ ብስክሌት ለመንዝ መንገድ

በማኅበራችን ውስጥ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የመጣነው ጥቂቶች አይደለንም። በመኝታ ቤታችንም ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም በአዲስ አበባ በየግቢው ጥግ ዝገት የሚበላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ሰብስበንና አድሰን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል በእግራቸው ተጉዘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚደርሱት ታናናሾቻችን ብንልክ ይጠቅማልን? የሚል ነው። አንዳንዱ «መንዝ የበቅሎ አገር ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። እኛ ግን መልሱ ያለው በአገሩ አቀማመጥና በዕቃው ምርጫ ላይ ነው ብለን ስለምናምን፣ የዕቃውን ነገር እዚህ ላይ በጥቂቱ እንመረምራለን።

በአማራ ክልል የብስክሌት ከተማ የሚባለው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋ ስለ ሆነ፣ ለማንኛውም ብስክሌት ይመቻል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሆኖም ከፍታ ማለት ገደል ማለት አይደለም። የመንዝ አምባ በላዩ ላይ ሰፊ ሜዳና ለስላሳ ጉብታ ነው፤ ክፉው ነገር ጠርዙ ነው። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት የሚወርደው መንገድ ለብስክሌት ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ የምንልከው ብስክሌት ለአምባው ላይ ተማሪ እንጂ ከለሚ ወደ ጀማ ለሚወርድ የመርሐ ቤቴ ሰው እንዲሆን አንመክርም። ለዚያ መንገድ በቅሎ ብለው የሚከራከሩን ጓደኞቻችን ልክ ናቸው።

በመጀመሪያ አካሉ፣ ጎሚስታዎቹ ቴላዮ የሚሉት፣ ይመረመራል። አካሉ የብረት ይሁን። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ነገር ግን ቢሰበር በገጠር ከተማ ያለ በያጅ ሊጠግነው አይችልም። የብረቱም ቱቦ ስስ ስለ ሆነ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሊበሳው ይችላል፤ በጋዝ እሳት በናስ መበየድ ይሻላል። ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ሲባጎ ይበቃል፤ ሲባጎውን ከኋላው ጎማ መቀመጫ ከአንዱ ወገን አስረን፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አሳልፈን፣ በሌላው ወገን መልሰን እናስራለን። ከዚያ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ርቀት በቀኝና በግራ እንለካለን። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ደኅና ነው፤ የጣት ስፋት ያህል ከሆነ ግን ያ ብስክሌት ተጋጭቶ ነበርና ይቅርብን።

ሲፈታ ብዙ ሰው የሚሰብረው ፔዳሉን ነው። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ ወደ ቀኝ ካልዞረ አይፈታም። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ ሲታገል ይውላል። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች የፔዳሉን ክንድ የሚይዘው የብረት ሽብልቅም በመዶሻ ከመመታቱ በፊት ላምባ ጠጥቶ ቢያድር መልካም ነው። ኩሽኔታዎቹ በላምባ ታጥበው፣ የተበሉት ፍሬዎች ተለውጠው፣ በአዲስ ግሪስ ይታሸጋሉ። ፍሬ ሲለወጥ የአንዱ ወገን በሙሉ ይለወጥ፤ አዲስና አሮጌ ቢቀላቀል ሸክሙን ሁሉ ትልቁ አዲሱ ይሸከመዋል። በተለመዱት ብስክሌቶች የኋላው ጎማ እምብርት በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ዘጠኝ የሩብ ኢንች ፍሬ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጥርሱ እንምጣ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ኀይሉ የሚወሰነው ከፔዳሉ ጋር ያለው ክብ ስንት ጥርስ፣ የኋላውስ ስንት ጥርስ እንዳለው ነው። የፊቱ 48፣ የኋላው 18 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ ይዞራል። ባለ 28 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ያህል ስለሚሄድ፣ በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ከ90 ያህል እንጓዛለን ማለት ነው። ይህ ለባሕር ዳር መልካም ነው፤ የመንዝን ጉብታ ከነደብተሩ ለሚወጣ የ15 ዓመት ልጅ ግን ግፍ ነው። የኋላውን ብቻ አውጥተን ባለ 22 ጥርስ ብናደርገው፣ ጉዞው በአንድ ዙር ወደ 4 ሜትር ከ80 ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይበረክታል። አራት ጥርስ ሲጨመር ካቴናው በሁለት አያያዥ መርዘም ስላለበት፣ ካቴናውን ሳይለኩ ጥርሱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በእኛ አስተያየት ከሚለወጡት ዕቃዎች ሁሉ በትንሽ ዋጋ ብዙ የሚጠቅመው ይህ አንዱ ነው።

ከከተማ ልጆች አንዳንዶቹ የትራክ ብስክሌት የሚሉትን ይወዳሉ። ይህ ለክብ መወዳደሪያ ሜዳ የተሠራ፣ ፍሬን የሌለው፣ የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የተቆለፈ ስለ ሆነ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም የሚዞር ነው። በሜዳው ላይ የሚያምር ነገር ነው፤ ኤዲ መርክስ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የሄደው በእንዲህ ያለው ነው። ሜክሲኮን የመረጠውም 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሣሣና ነፋሱ ስለማይጫነው ነው። (በዚህ ሒሳብ መሐል ሜዳ ከሜክሲኮ ትበልጣለች፤ ነገር ግን አየሩ ለነፋስ ሲሣሣ ለሳንባም ይሣሣል።) ይህን ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ብናስበው ግን፣ ባለ 48 በ18 ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ እግር በደቂቃ 113 ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ እግሩ የደከመ ዕለት የሚያቆመው የለም። ስለዚህ የትራክ ብስክሌት ወደ መንዝ አይላክ። አካሉ የብረት ከሆነና የፍሬን ማሰሪያ ቀዳዳ ካለው ግን፣ የኋላውን ጥርስ በነፃ በሚዞር ለውጦ ሁለት ፍሬን መግጠም ይቻላል።

በፍሬን ነገር ማሾፍ አይገባም። ብስክሌትና ሰው አብረው 85 ኪሎ ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ፣ የሚወጣው ኀይል ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት እንደሚበቃ አንድ የሳይንስ ክፍል ጓደኛችን አስልቶ አሳይቶናል። ከዚህ ውስጥ ነፋስ የሚወስደው ድርሻ አለ፤ ቀስ ብለን በወረድን መጠን ግን አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ፍሬን ግሪሱ ያለው እዚያው እምብርቱ ውስጥ ስለ ሆነ በረጅም ቁልቁለት ግሪሱ ይቃጠላል፤ ደግሞም ካቴና የወለቀ ወይም የተበጠሰ እንደ ሆነ ፍሬንም አብሮ ሄደ ማለት ነው። በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳበው የድሮው ፍሬን ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ጉድለቱ ቸርኬው የሚያብለጨልጭ ብረት ስለ ሆነ በዝናብ መንሸራተቱ ነው። የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ይህን አያቃልልም። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ ይበልጥ ይይዛል፤ ነገር ግን የዘንጉ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ስለ ሆነ ቸርኬው ሲለወጥ ፍሬኑም ወደ ሽቦው ዐይነት መለወጥ አለበት። ቸርኬም ሲገዛ ቀዳዳው ይቈጠር፤ የድሮዎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች የፊቱ 32 የኋላው 40 ሽቦ ነበራቸው፣ የብዙዎቹ የሌሎች ግን 36 በ36 ነው።

ስለ ጎማ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ባለ 26 ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም። 26 በ1⅜ የተባለው ጎማ የሚገባበት ቸርኬ 590 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 በ1.95 የተባለው ግን 559 ነው፤ በስም አንድ ቢሆኑም አንዱ ለሌላው አይሆንም። በ28ም እንዲሁ 635 እና 622 አለ። ትክክለኛው ቍጥር ብዙውን ጊዜ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ከመነሣታችን በፊት በመሐል ሜዳና በሞላሌ ሱቆች የትኛው ጎማ እንደሚሸጥ ከዚያው ያሉትን ሰዎች ጠይቀን፣ ሁሉንም ብስክሌት በዚያ ልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የመጣ ውብ ብስክሌት ጎማው በፈነዳ ዕለት የዶሮ መስፈሪያ ከሚሆን፣ ከባዱና ተራው ይሻላል።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሩጫ ጋር ያሰለፈችው ስፖርት ብስክሌት ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እኛ ግን የምናስበው ስለ ሜዳልያ ሳይሆን ማለዳ በውርጭ ስለምትነሣው ተማሪ ነው። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ረጅም መንገድ ብቻዋን ለመስደድ ስለሚፈሩ፣ መንገዱ ሲያጥር ይበልጥ የምትጠቀመው እርሷ ናት። ስለዚህ ከምንሰበስበው ግማሹ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ የሚወጣበት ይሁን። ኮርቻው ጠንካራ ከሆነ አጎዛ ማልበስ ነው፤ በግ በመንዝ አይጠፋም።

ከአሥር ብስክሌት ጋር አብሮ የሚላከውን እንዲህ ገምተነዋል፤ ሃያ ካላማዳሪያ፣ ስድስት ጎማ፣ ሦስት ካቴና፣ የፍሬን ሽቦና ላስቲክ ለሁሉም በጥንድ፣ ትርፍ የቸርኬ ሽቦ፣ ሁለት ፖምፓ፣ መጣበቂያና አንድ ጣሳ ግሪስ። ይህ ሁሉ ለተማሪዎቹ በነፍስ ወከፍ ከሚታደል ለአንድ የከተማው ጎሚስታ በፊርማ ቢሰጥ፣ እርሱም ለተማሪ በቅናሽ ዋጋ እንዲጠግን ቢስማማ እንመርጣለን። ዋጋውን ከመርካቶ ጠይቀው የሚያመጡልን ሁለት ፈቃደኞች እስከ መጪው ቅዳሜ ስማቸውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ።