ያለጊዜው ስለሚመጣ ብርቱ የእርግዝና ደም ግፊት

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ልዩ ልዩ ጤና ጣቢያዎች ይሠማራሉ። ስለዚህ እዚያ ሳይደርሱ ሊያውቁት የሚገባውን አንድ በሽታ በዚህ ገጽ አብረን እናጥና።

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የነፍሰ ጡር ደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና በሽንቷ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ኩላሊቷ፣ ጉበቷ፣ ደሟ ወይም አንጎሏ መታወኩ ሲታወቅ ነው። ግፊቱ 160/110 ሲደርስ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲመጣ ብርቱ ይባላል። ከ34ኛው ሳምንት በፊት ሲነሣ ደግሞ ይብስ ያሠጋል። የበሽታው ሥር የእንግዴ ልጁ ነው፤ ይኸውም የማሕፀን የደም ሥሮች በሚገባ ሳይሰፉ ቀርተው ደም ሲያንሰው፣ ከእርሱ የሚወጣው ነገር የእናቲቱን የደም ሥሮች ሁሉ ይጎዳል። እንግዲህ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ በሽታው አይለቅም።

ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማዋለድ ለእናቲቱ ፈውስ ሲሆን ላልጠና ልጅ አደጋ ነው።

አንዲት የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር በጊዳ አያና ወረዳ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ግፊቷ 170/115 ነው፤ ራሷንም አጥብቆ ያማታል። ያልጠና ልጅ የሚታከምበት ሆስፒታል ነቀምት ነው፤ መንገዱም የአንገርን ሸለቆ ተሻግሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታዲያ መኪና ጠርቶ መላክ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም፤ የሚጥላት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላልና።

አንደኛ፤ ከመነሣቷ በፊት ማግኒዝየም ሰልፌት ይሰጣት፤ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ 5 ግራም ደግሞ በእያንዳንዱ መቀመጫ ጡንቻ ይወጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ይህ መድኃኒት የኤክላምፕሲያን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ካነሰ፣ የጉልበቷ ምላሽ ከጠፋ ወይም ሽንቷ ካነሰ ተከታዩ መጠን አይሰጥም፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት በእጅ ይኑር።

ሁለተኛ፤ ግፊቱ በሃይድራላዚን ወይም በኒፈዲፒን ይቀነስ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይውረድ፤ ለልጁ የሚደርሰው ደም ያንሳልና።

ሦስተኛ፤ አዋላጅ ነርስ አብራት ትሂድ፤ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱም በወረቀት ይጻፍ።

ነቀምት ስትደርስ የልጁ ሳንባ እንዲጠና ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ትወጋለች። ከተረጋጋች፣ ሆስፒታል ተኝታ በየዕለቱ እየተመረመረች እስከ 34ኛው ሳምንት ልትቆይ ትችላለች። ነገር ግን ካንቀጠቀጣት፣ ግፊቱ አልገታ ካለ፣ ሳንባዋ ውሃ ከቋጠረ ወይም የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ፣ የልጁን ዕድሜ እየቆጠሩ መጠበቅ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከወለደችም በኋላ ማግኒዝየሙ 24 ሰዓት ይቀጥላል፤ ኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም ይመጣልና። በሚቀጥለው እርግዝናዋ ገና በጧቱ ወደ ሐኪም እንድትመጣ፣ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮም አነስተኛ አስፒሪን እንድትወስድ ሊነገራት ይገባል።

እንግዲህ ጓዶች፣ የዚህች እናት ሕክምና የሚጀምረው ከነቀምት ሳይሆን የደም ግፊት መለኪያው መጀመሪያ ከክንዷ ከታሠረበት ቦታ ነው። እዚያ የምንገኘውም እኛ ነን።